ፈርመው አይደል የሄዱት?

በ1905 ሚያዝያ ወር (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የማስቀምጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኢልፎርድ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ 1,033 ኮርያውያንን ጭና፣ ዛሬ ኢንቾን ከሚባለው ወደብ ተነሣች። ተሳፋሪዎቹ ሥራ ያጡ ወታደሮች፣ ድሆች የከተማ ሰዎች፣ ከማዕረጋቸው የወረዱ የመኳንንት ቤተ ሰቦች፣ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። በጋዜጣ በወጣ ማስታወቂያ ሜክሲኮ ስለምትባል ሀብታም አገር ሰምተው፣ ለአራት ዓመት የሚያስር ውል ፈርመው የወጡ ናቸው። የደረሱት ዩካታን በሚባለው ጠፍጣፋና ደረቅ ምድር ነው። እዚያም ለየእርሻው ጌቶች ተከፋፈሉ። ሥራቸው ኤኔኬን የሚሉትን፣ ለእኛ ቃጫ የቅርብ ዘመድ የሆነውን እሾሃም ተክል በገጀራ መቁረጥ ነበር። ከቅጠሉ እየተፋቀ የሚወጣው ጭረት ገመድ ይሆንና የአሜሪካንን የስንዴ ነዶ ያስራል።

ውሉ በ1909 አበቃ። ዳሩ ግን እነርሱ ዩካታን በደረሱ በመንፈቁ፣ በኅዳር 1905፣ ጃፓን የኮርያን የውጭ ጉዳይ በእጇ አስገብታ ነበር፤ በ1910 ደግሞ አገሪቱን ጨርሳ ዋጠቻት። አቤት የሚሉበት ቆንስል፣ የመመለሻ ወረቀት የሚጽፍላቸው ሹም፣ ስማቸውን ከመዝገብ የሚፈልግ መንግሥት አልቀረላቸውም።

ይህን ታሪክ ኪም ሆ-ሱን የተባለ የኮርያ ፊልም ሠሪ በ1990ዎቹ አጋማሽ «ኤኒኬንግ» በሚል ስም በፊልም ሠርቶታል። ርእሱ ራሱ፣ ስደተኞቹ የተክሉን የስፓኝ ስም በአፋቸው የሰባበሩበት ቃል ነው። እኛ ያየነው እዚህ ሁስቢ፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ ጥቂት እርምጃ ርቆ በሚገኝ የማኅበራችን የምድር ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ከመካከላችን ለአንዳንዱ ኮርያ የቃኘው ሻለቃ አገር ብቻ ነበረች፤ ከ1951 ጀምሮ ስድስት ሺህ ያህል ሰዎቻችን ዘምተውባት ከ120 በላይ ወድቀውባታል። (በዚያው ጦርነት ስዊድን ወታደር አልላከችም፤ ፑሳን ላይ ሆስፒታል ነው የተከለችው።) እናም ኮርያዊ በባዕድ እርሻ ላይ ሲገረፍ ማየት ለሽማግሌዎቹ እንግዳ ነገር ሆነባቸው። ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራ አንድ ወዳጃችን ጃኬቱን እየለበሰ፣ «ያሳዝናል፤ ግን ፈርመው አይደል የሄዱት?» አለ። ይህ ሰው ክፉ አይደለም። ሌሊት ሌሊት ባቡር የሚያጸዳ፣ በየወሩ ለሦስት ቤተ ሰብ ገንዘብ የሚልክ፣ ለቅሶ የማይቀር ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ክፉ ሰው ቃል ልጥለው አልፈልግም። በሌላም ቦታ፣ በሌላም አፍ፣ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ቤሩት ስላለቁት፣ ሪያድ ስለታሠሩት ልጆቻችን ወሬ ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይለዋል። ወዳ አይደል የሄደችው? ማን ሂጂ አላት?

ጥያቄው ረጅም ዕድሜ አለው። የሮማ ሕግ ሊቃውንት ለፈቀደ ሰው በደል የለበትም የሚል ትርጉም ያለውን ብሂል ትተውልናል። ብሂሉ ከንቱ አይደለም። ሰውን ሰው የሚያሰኘው አንዱ ነገር ቃሉ ነው፤ «እሺ» ያለው እንደ «እሺ» ካልተቆጠረለት እንደ ሕፃን ወይም እንደ እብድ ተቆጠረ ማለት ነው። በሌላ በኩል የእኛ አባቶች፣ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይላሉ። ይህ ተረት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሳቀው በሙሽራው ላይ ነው። እኔ ግን ተረቱ የሚለው ሌላ ይመስለኛል። ሰውየው አግብቷል፤ ማንም በገመድ አልጎተተውም፤ ቢሆንም የተረቱ ባለቤት ማግባቱን ሲነግረን መቸገሩን አስቀድሞ ነገረን። ፈቃዱን ብቻ ለይተን፣ ችግሩን ትተን እንድናወራ አልፈለገም።

በሙያዬ የማደንዘዣ ሐኪም ነኝ። ከፊርማ ጋር ያለኝ ትውውቅ የዕለት ተዕለት ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት በሽተኛውን አነጋግራለሁ፤ ምን እንደምሰጠው፣ ምን ሊያገኘው እንደሚችል፣ ሌላ መንገድ ካለም እርሱን እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ «እሺ» ይላል ወይም አይልም። ይህ ልማድ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1947 ኑረምበርግ ላይ፣ በእስረኞች ገላ ላይ ሙከራ ያካሄዱትን የጀርመን ሐኪሞች የፈረዱ ዳኞች ዐሥር ነጥቦች ጻፉ፤ የመጀመሪያው ነጥብ የሰውየው የገዛ ፈቃድ የግድ ነው የሚል ነበር። በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ሄልሲንኪ ላይ ይህንኑ አስፋፍቶ አጸናው። ስለ መጀመሪያው ነጥብ ብዙ ይነገራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዘጠነኛው ነው፤ ሰውየው በጀመረው ነገር መካከል «በቃኝ» ማለት ይችላል ይላል።

በእኔ ሥራ ውስጥ አንድ አስጨናቂ ነገር አለ። የፈረመልኝን ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አስተኛዋለሁ። ከተኛ በኋላ «በቃኝ» ማለት አይችልም። ሳንባው እንኳ የሚተነፍሰው እኔ በማዘው መሣሪያ ነው። ታዲያ በዚያ ሰዓት ፊርማው ለእኔ ምንድን ነው? እንደ ወዳጄ አባባል ከሆነ፣ ከፈረመ ወዲያ የሚደርስበት ነገር ሁሉ የእርሱ ጉዳይ በሆነ ነበር። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚያስብ ሐኪም አንድ ቀን አይውልም። በሽተኛው እምቢ ማለት የማይችልበት ሁኔታ ውስጥ የገባው ፈርሞ ስለሆነ፣ ነቅቶ የቆመው ሰው ኃላፊነት ከፍ ይላል። ፊርማው የተኛውን ሰው ወደ እኔ አሻግሮታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ነቅቶ ያለው ነው።

የእርሻ ውል ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው በዚህ ነጥብ ነው። ኮርያዊው በገዛ እጁ ፈርሞ መርከብ ላይ ወጣ። መርከቡ ከወደብ ከራቀ በኋላ ግን ባሕሩ፣ ቋንቋው፣ ዕዳውና የእርሻው አጥር አንድ ላይ ሆነው አስተኙት ማለት ይቻላል። «በቃኝ» የሚልበት አፍ የለውም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነቅቶ የቆመው የእርሻው ጌታ ነው። አለንጋውን ያነሣ እጅ፣ «ፈርሞልኛል» ማለቱ መከላከያ ሊሆነው ይቅርና ይልቁን የሚያስከስሰው ነው።

ይህ ሐሳብ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስል፣ የራሳችንን ሕግ ላንሣ። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1696ኛው አንቀጽ በስሕተት፣ በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ፈቃድ ውሉን ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚያም በ1710ኛው አንቀጽ ከዚህ ራቅ ብሎ ይሄዳል። አንደኛው ወገን የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ መጃጀት ወይም የሥራ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ አድርጎ እጅግ ያዘነበለ ውል ቢያስፈርመው፣ ፍትሕ የሚያስገድድ በሆነ ጊዜ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ረቂቁን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፤ ይሁን እንጂ አንቀጹን ሳነብ ከፓሪስ ይልቅ የቸገረውን ሙሽራ ያስታውሰኛል። ችግር በወረቀቱ ላይ ባይጻፍም ከውሉ ቃሎች እንደ አንዱ ሆኖ ይነበባል ማለት ነውና። ስንት ሰው ይህን አንቀጽ ይዞ ፍርድ ቤት እንደቆመ ማሰብ ደግሞ ሌላ ኀዘን ነው።

ስለ እርሻና ስለ ፊልም ስናወራ ኃይሌ ገሪማን ማለፍ አይቻልም። ጎንደር ተወልዶ በ1967 አሜሪካ የገባው ይህ ሰው፣ ከራሱ አገር ገበሬ ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዘመን» (1976) ተነሥቶ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠራ፤ በአሜሪካ እርሻ ላይ ስለነበሩ አፍሪካውያን ባሪያዎች። ፊልሙ በርሊን ላይ ለውድድር ከቀረበ በኋላ እንኳ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ስላጣ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ነበር ለሕዝብ ያሳዩት። በ«ሳንኮፋ» ውስጥ ማንም አልፈረመም። የባሪያ ንግድ ከባድነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለሕሊና በአንድ በኩል ቀላል ነው፤ ሰንሰለቱ ይታያል፤ «ፈርመው አይደል ወይ» የሚል አይኖርም። የሚያዳግተን ሰንሰለቱ በወረቀት ሲተካ ነው። ኃይሌ የሌሎችን የእርሻ ጣር ሲያሳየን እኔ ደጋግሜ የማስበው የራሳችንን የሸንኮራ ማሳ ነው።

ወንጂን ማለቴ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ የነበረው ዘመን እየጨለመበት ሲሄድ፣ በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1954 በአዋሽ ዳር ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ በ1962 የሸዋው ፋብሪካ ተጨመረ። ከብቶቻቸውን በዚያ ሜዳ ያሰማሩ የነበሩት የጂሌ ኦሮሞዎች ለሸንኮራው ቦታ ለቀቁ። ለአገዳ ቆረጣው ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ሰዎች እየመጡ ተቀጠሩ። አገር ሳይለቁ ስደተኛ ሆኑ፤ ቋንቋው ሌላ፣ ሙቀቱ ሌላ፣ አለቃው ሌላ። እነርሱም ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችለው ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ።

በውሉ ውስጥ ያልተጻፈ አንድ ነገር ነበር፤ ውሃው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይዘው ተገኙ። ፍሎራይድ የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው፤ ለማለት የፈለግሁት ሰውየውን ሳይሆን ወገቡን ነው። የልጆቹ ጥርስ ይበልዛል። የአዋቂው አጥንት ይወፍራል፤ ጅማቶቹ ወደ አጥንትነት ይለወጣሉ፤ አንገቱ አይታጠፍም፤ የጠራውን ሰው ለማየት መላ አካሉን ማዞር ይኖርበታል። ሲብስ የጀርባ አጥንቱ ሕብለ ሰረሰሩን ይጫነውና እግሮቹ ይከዱታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያንን ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሽታ ለዓመታት ተከታትለው በሕክምና መጽሔቶች ጽፈውታል። ማጣሪያም ተተክሏል። እዚህ ስቶክሆልም፣ የጥርስ ሐኪም ዘንድ በሄደ ቁጥር «ትምባሆ ታበዛለህ?» እየተባለ የሚጠየቅ፣ በሕይወቱ ሲጋራ ያልነካ የወንጂ ልጅ አውቃለሁ።

ወንጂን ያነሣሁት ኩባንያውን ለመክሰስ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ውሃው ምን እንደያዘ ያወቀ አልነበረም፤ ፈራሚውም አስፈራሚውም በአንድ ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ሆኖም ከዚህ የሚገኘው ነገር ይኸው ነው፤ ሰው ሊፈቅድ የሚችለው ለሚያውቀው ነገር ብቻ ነው፤ በሥራ ውል ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ውጭ ነው የሚገኘው። ደሞዙ ተጽፏል፤ ውሃው አልተጻፈም። ከበሽታው መታወቅ በኋላ ያለው ዘመን ደግሞ ለብቻው ይመዘናል። አንድ ሐኪም የመጀመሪያውን የደረቀ ወገብ በራጅ ካየበት ቀን ጀምሮ፣ በዚያው ጉድጓድ ላይ የሚቀጠረው አዲስ ሠራተኛ ከቀደመው የተለየ ነገር እየፈረመ ነው። ወረቀቱ ያው ነው፤ የሚያውቅ ሰው ተገኝቷልና ውሉ ተለውጧል። ማወቅ ዕዳ ያመጣል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ምክንያቱም የእኔም ሕይወት ከባዕድ አገር የእርሻ ረድፍ ጋር የተያያዘ ነው። አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ሞቷል። በ1980፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እንደ እኔ ካሉ ብዙ ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላክሁ። የወጣቶች ደሴት በምትባለው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስሟ ተለውጦ በነበረችው ደሴት ላይ ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያና ከሌላም አገር የመጡ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ሰፍረው ነበር። ግማሽ ቀን እንማራለን፤ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት ውስጥ እንሠራለን። ኩባዎቹ ሥራና ትምህርት ተለያይተው መኖር የለባቸውም የሚል እምነት ነበራቸው፤ የራሳቸውንም ልጆች በዚሁ መንገድ ያስተምሩ ነበር። ፍሬው በመርከብ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ይሄዳል። አረም ስናርም፣ ፍሬ ስንለቅም እጃችን በእሾህ ይቦጨቃል፤ ማታ ፊደል እንቆጥራለን፤ በቅዳሜ እንጨፍራለን። በነፃ በላን፤ በነፃ ለበስን፤ በነፃ ተማርን። ሐኪም ሆንሁ።

ይህ የባርነት እርሻ ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ተቆጥቼ እመልስለታለሁ። ማንም አልገረፈኝም። በሌላ በኩል ንጹሕ ስጦታ ብቻ ነበር የሚለኝም ሰው ረድፉን አላየውም። ሁለቱም ወገኖች ዘንድ ተሰብስቤ አውቃለሁና ሁለቱንም እሰማለሁ። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ማን ፈረመልን? እኛ አልፈረምንም፤ ልጆች ነበርን። እናቶቻችን ቀበሌ ተጠርተው ተነገራቸው፤ ተጠየቁ ማለት ይከብዳል። የፈረሙት ሁለት መንግሥታት ናቸው። ከዚያም በ1991 ደርግ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ ኩባ ራሷ ዳቦ እየመተረች የምትኖርበት ክፉ ዘመን ገባ። እጃችን ላይ ያለው ፓስፖርት የላከን መንግሥት የሰጠን ነበር፤ ያ መንግሥት ግን የለም። ዩካታን ስለነበሩት ኮርያውያን ያነበብሁ ቀን ልቤን የነካው ግርፋቱ አልነበረም፤ ይህ ነበር።

የሚገርመው፣ ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። በ1921 ከእነዚያው ኮርያውያንና ከልጆቻቸው መካከል ሦስት መቶ ያህሉ ከሜክሲኮ ወደ ኩባ ተሻገሩ። የመጡት ለሸንኮራ ነበር፤ የስኳር ዋጋ በድንገት ወድቆ ጠበቃቸውና ማታንሳስ አጠገብ ተመልሰው ያንኑ እሾሃም ቅጠል ሲቆርጡ ኖሩ። ከየማዕዱ አንድ ማንኪያ ሩዝ እየቀነሱ አጠራቅመው፣ ለኮርያ ነፃነት ለሚታገለው የስደት መንግሥት ገንዘብ ይልኩ ነበር። ከልጆቻቸው አንዱ፣ በ1926 የተወለደው ሄሮኒሞ ሊም ኪም፣ ሃቫና ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ ከአብዮቱ ጋር ተሰልፎ በኩባ መንግሥት ውስጥ ሹም ሆኗል፤ በ2019 ስለ እርሱ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል።

እንደ ሄሮኒሞ ያለ ሰው ኢልፎርድ መርከብ ባትነሣ ይሻል ነበር ሊል ይችላልን? ባትነሣ ኖሮ እርሱ ባልተወለደ። እኔስ? ወደ ደሴቲቱ ባልላክ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሐኪም አይኖርም ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ማመስገኔን ትናንት እንደ ፈቀድሁ አድርጎ ይቆጥረዋል። በልጅነቱ ያለ ፈቃዱ የታከመ ሰው አድጎ «እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ» ሊለን ይችላል። ምስጋናው እውነት ነው። ሆኖም ያን ጊዜ በቂ ምክንያት ነበረን ወይ የሚለው ጥያቄ በምስጋናው አይዘጋም፤ ያን ጊዜ በነበረው ነገር ብቻ ይመዘናል። የምስጋና ቃል ወደ ኋላ ተጉዞ ፊርማ አይሆንም። እኔ ኩባን እወዳለሁ። አዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ሥር የኩባ ወታደሮችን ፎቶግራፍ ሳይ (ሐውልቱን በ1984 ያሠራችልን ሰሜን ኮርያ መሆኗም አይረሳኝም) ዓይኔ እንባ ያቀራል። ግን ደግሞ እናቴ መጠየቅ ነበረባት። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል እንጂ።

እንግዲህ ወደ ዛሬዎቹ ልጆች። አንዲት ልጅ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ከመሄዷ በፊት ሐኪም ያያታል። ደሟ ይወሰዳል፤ ደረቷ በራጅ ይታያል፤ እርጉዝ መሆን አለመሆኗ ይመረመራል። መጨረሻ ላይ «ብቁ» ወይም «ብቁ አይደለችም» የሚል ማኅተም ይመታል። ሐኪሙ የማን ሐኪም ነው? የመረመረው የእርሷን ገላ ነው፤ መልሱን የሚጠብቀው ግን አስቀጣሪው ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1788 ባወጣው ሕግ በባሪያ መርከቦች ላይ ሐኪም እንዲኖር አዘዘ፤ በጉዞው ከመቶ ከሁለት የማይበልጡ ባሪያዎች ከሞቱ ለካፒቴኑ 100 ፓውንድ፣ ለሐኪሙ 50 ፓውንድ ሽልማት ይሰጥ ነበር። በእርግጥ ሕጉ ሕይወት አትርፏል ማለት ይቻላል። ከእነዚያ ሐኪሞች አንዱ፣ አሌግዛንደር ፋልከንብሪጅ፣ ሥራውን ትቶ በዚያው ዓመት ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ አወጣ። ማኅተም የሚመታውን የአዲስ አበባ ሐኪም ከባሪያ መርከብ ሐኪም ጋር አንድ ነው አልልም፤ ግን ሁለቱም ጤናን የሚመሰክሩት ለበሽተኛው አይደለም።

ከደረሰች በኋላ ዐረቦቹ ከፋላ የሚሉት ሥርዓት ይቀበላታል። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሠረ ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ቤት መለወጥ አትችልም፤ ፓስፖርቷን ብዙ ጊዜ እርሱ ይይዘዋል። የኑረምበርግን ዘጠነኛ ነጥብ እዚህ ላይ አስቡት። ገብታለች፤ መውጫ የለም። ነቅቶ የቆመው ማን ነው?

በዚህ ሁሉ ክርክሬ ላይ የሚነሣውን ከባድ ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የተቸገረ ሰው ፊርማ ፊርማ ካልሆነ፣ ድሃ ምንም ሊፈርም አይችልም ማለት ነዋ! ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም፤ ተሞክሯል። በ2013 መገባደጃ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ሰዎቻችንን ጠርዛ ባባረረችበት ወራት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች መሄድን ከለከለ፤ እገዳው የተነሣው በ2018 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰው አልቀረም። በጅቡቲ፣ በየመን፣ በባሕር ሄደ፤ ውሉ ቀረ እንጂ መንገዱ አልቀረም። የድሃውን ፊርማ መንጠቅ ከበደሉ አያድነውም፤ በደሉን ያለ ምስክር ያደርገዋል።

እዚህ ሁስቢ፣ ከእኔ በላይ ሁለት ፎቅ የምትኖር የአገሬ ሴት አለች። ወደ ስዊድን ከመምጣቷ በፊት ቤሩት ሠርታለች። ይህን ሐሳቤን አንድ ጊዜ ስነግራት ደስ አላላትም። «ዶክተር፣ ፊርማዬን አይናቁብኝ» አለችኝ። «ከዚያ በፊት አባቴ ይወስንልኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማዳም ትወስንልኝ ነበር። በራሴ የወሰንሁት መሄዴን ብቻ ነው።» ዝም አልሁ፤ ምክንያቱም ትክክል ናት። ለመሄድ መወሰኗ የእርሷ ነው፤ ማንም፣ በተለይም ሐኪም፣ ሊወስድባት አይገባም። ወዳጄን የምከራከረው በዚህ አይደለም። እርሱ ከእርሷ ድፍረት ተነሥቶ የማዳሟን ንጽሕና ሊያወጣ ይፈልጋል፤ ከዚያ ወደዚህ የሚያደርስ መንገድ የለም።

ውሉ እስካሁን በእጇ አለ። ሊባኖስ በ2009 ለቤት ሠራተኞች አንድ ወጥ የሥራ ውል አውጥታ ነበር፤ የተጻፈው በዐረብኛ ብቻ ነው፤ የሚፈረመውም አገሩ ከተገባ በኋላ በውል አዋዋይ ፊት ነው። እርሷም ቤሩት በደረሰች በሁለተኛው ሳምንት በዚያ ሰው ፊት ቀርባ በተባለችበት መስመር ላይ ስሟን በአማርኛ ጻፈች። ቤሩት አፏን የፈታችበት ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ፊደሉን አታነብም። ወረቀቱን ከልብስ ሻንጣዋ ታች አኑራ ሁለት ባሕር ተሻግራለች። ባለፈው ዓመት፣ በሕንጻችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ ከምትጠብቅ ኢራቃዊት ጎረቤታችን ጋር ሲጫወቱ ነገሩ ተነሣና ወረቀቱን አምጥታ አሳየቻት። ሴትየዋ መነጽሯን አድርጋ በለሰለሰ ዐረብኛ ታነብላት ጀመር፤ ደሞዝ፣ መኝታ፣ ምግብ። ከዚያም አሠሪው ለሠራተኛዋ በየሳምንቱ ከሃያ አራት ተከታታይ ሰዓት የማያንስ ዕረፍት እንደሚሰጥ የሚለው አንቀጽ ላይ ደረሰች። የአገሬ ሴት ቤሩት በነበረችባቸው ሦስት ዓመታት እሑድ ምን እንደሚመስል አላየችም። ጎረቤቷን አስቆመቻትና ያንን አንቀጽ እንደ ገና እንድታነብላት ለመነቻት።